አርሴናል ስንት ጊዜ አቻ ወጣ? መልሱ ሁለት መስመር ነው

"ወርድ ፕሮብሌም" የሚባለውን የሒሳብ ጥያቄ የሚወድ ተማሪ ማግኘት በባከነ ሰዓት ጎል የማግኘት ያህል ከባድ ነው። ቁጥር ብቻ ሲሰጠው ፉት የሚያደርገው ልጅ፣ ጥያቄው በዓረፍተ ነገር ተጽፎ ሲመጣ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። "አንድ ገበሬ በጎችና ዶሮዎች አሉት። ጭንቅላታቸው ሲቆጠር 30፣ እግራቸው ሲቆጠር 84 ነው። በጎቹ ስንት ናቸው?" ሲባል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከኋላ ወንበር "ገበሬው ራሱ ለምን አይቆጥራቸውም?" የሚል ቀልደኛም አይጠፋም።

ያው ቀልደኛ ግን ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ሲገኝ ሌላ ሰው ነው። "እኛ ይቺን ካሸነፍን፣ እነሱ አቻ ከወጡ፣ ልዩነቱ ሁለት ይሆናል። አራት ጨዋታ ይቀራል፣ አንዱ እርስ በርስ ነው..." እያለ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ያሰላል። ማንም አላስገደደውም፣ ማርክም አይሰጠውም። ልጁ ሳያውቀው የሚሰራው ግን ከትምህርት ቤት የሸሸውን ያንኑ ሒሳብ ነው።

የኳስ የደረጃ ሰንጠረዥ ትልቅ ወርድ ፕሮብሌም ነው። መፍቻውም አስማት አይደለም። የማይታወቁት ነገሮች ሁለት ከሆኑ ሁለት ፍንጭ ይፈለጋል። እያንዳንዱ ፍንጭ አንድ መስመር ሆኖ ይጻፋል፣ ከዚያ አንዱ መስመር ከሌላው ይቀነሳል። የሒሳብ መምህራን "ሁለት ኢኩዌሽኖችን ባንድ ላይ መፍታት" የሚሉት ይሄንን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመድፈኞቹ ጥያቄ

ከአርሴናል ደጋፊ ጋር የተከራከረ ሁሉ አንድ ነገር ሳይሰማ አይለያይም፦ 2003/04። የአርሰን ቬንገር ልጆች ፕሪሚየር ሊጉን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ የጨረሱበት ዓመት። 38 ጨዋታ፣ 90 ነጥብ፣ ሽንፈት ዜሮ። ይሄን ማንም ያውቃል። "ስንቱን አሸንፈው ስንቱን አቻ ወጡ?" ሲባል ግን ብዙው ሰው ጣራ ጣራ ያያል።

ማስታወስ አያስፈልግም፣ ማውጣት ይቻላል። ድሉን "ድ"፣ አቻውን "አ" እንበላቸው። ቡድኑ ስላልተሸነፈ ያሸነፈውና አቻ የወጣው ተደምሮ 38 ነው። ይህ የመጀመሪያው መስመር፦

ድ + አ = 38

አንድ ድል 3 ነጥብ፣ አንድ አቻ 1 ነጥብ ያስገኛል። ጠቅላላው 90 ነው። ሁለተኛው መስመር፦

3ድ + አ = 90

የላይኛው ከታችኛው ሲቀነስ "አ" ከሜዳ ትወጣለች። የሚቀረው 2ድ = 52 ነው። ስለዚህ ድ = 26። ከ38 ላይ 26 ሲነሳ አቻው 12 ይሆናል። 26 ድል፣ 12 አቻ። መዝገቡም የሚለው ይሄንኑ ነው።

ፊደል የሚያስጠላው ሰው ያለ ፊደልም ሊሄድበት ይችላል። አርሴናል 38ቱንም ጨዋታ አቻ ወጣ ብለን እናስብ። 38 ነጥብ ይኖረው ነበር። ያለው ግን 90 ነው፣ 52 ትርፍ አለ። አንድ አቻ ወደ ድል ሲቀየር የሚጨመረው 2 ነጥብ ነው። 52 ለ2 ሲካፈል 26። አለቀ።

አሁን ወደ ገበሬው እንመለስ። 30ዎቹም ዶሮ ቢሆኑ እግራቸው 60 ነበር። 24 ትርፍ እግር አለ። አንድ ዶሮ በበግ ሲተካ 2 እግር ይጨመራል። ስለዚህ በጎቹ 12፣ ዶሮዎቹ 18 ናቸው። ዶሮዋ አቻ ናት፣ በጉ ድል ነው። በትምህርት ቤት ያስፈራን የነበረው ጥያቄ አርሴናል ማልያ ለብሶ ሲመጣ ለምን ቀለለ? ሒሳቡ አልተቀየረም፤ የተቀየረው መልሱን የማወቅ ጉጉታችን ነው።

ያልተሸነፉት ሁሉ በአንድ ሚዛን

ከዚህ ላይ አንድ አቋራጭ ትገኛለች። ላልተሸነፈ ቡድን ከነጥቡ ላይ የጨዋታውን ብዛት ቀንስ፣ ለሁለት አካፍል፣ የድሉን ቁጥር ታገኛለህ። እስቲ በሌሎች እንሞክራት።

በ2011/12 የአንቶኒዮ ኮንቴ ጁቬንቱስ ሴሪ አውን ሳይሸነፍ ሲወስድ 38 ጨዋታ አድርጎ 84 ነጥብ ሰበሰበ። 84 ሲቀነስ 38፣ 46። ለሁለት ሲካፈል 23 ድል። የቀረው 15 አቻ። አሮጊቷ እመቤት አልተሸነፈችም እንጂ ነጥብ በመጋራት ከአርሴናል ትበልጣለች ማለት ነው።

በ2023/24 የዣቢ አሎንሶ ባየር ሌቨርኩሰን ቡንደስሊጋውን ሳይሸነፍ በላ። ነጥቡ ልክ እንደ አርሴናል 90 ነው። ጨዋታው ግን 34 ብቻ። 90 ሲቀነስ 34፣ 56። ለሁለት ሲካፈል 28 ድል፣ የቀረው 6 አቻ። ሁለት ቡድን እኩል 90 ነጥብ ይዞ አንዱ 12፣ ሌላው 6 ጊዜ ብቻ ነጥብ ተጋራ። "ማን ይበልጣል?" የሚለውን ክርክር ሒሳቡ አይዘጋውም፣ ግን ክርክሩ በጩኸት ሳይሆን በቁጥር እንዲሆን ያደርጋል።

የፋቢዮ ካፔሎው ሚላን ሲመጣ ግን አቋራጯ ትሰናከላለች። በ1991/92 ሚላን 34 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሲሆን ነጥቡ 56 ነበር። በአቋራጯ 56 ሲቀነስ 34፣ 22። ለሁለት ሲካፈል 11 ድል። 11 ድልና 23 አቻ? ያ ሚላን? በፍጹም! ቫን ባስተን የነበረበት ቡድን እንዲህ ሊሆን አይችልም።

ስህተቱ ያለው ከማስላቱ ሳይሆን ከመስመሩ ነው። በዚያ ዘመን በጣሊያን ድል የሚያስገኘው 2 ነጥብ ነበር። ሁለተኛው መስመር 2ድ + አ = 56 መሆን ነበረበት። ድ + አ = 34 ሲቀነስበት በቀጥታ ድ = 22፣ አ = 12 ይወጣል። ትክክለኛው ይሄ ነው። የወርድ ፕሮብሌም ትልቁ ወጥመድም እዚህ ላይ ነው፦ መደመርና መቀነስ ሳይሆን ጥያቄውን በደንብ አንብቦ መስመሩን በትክክል መጻፍ።

ነጥቡን ሦስት ያደረገው ሰው

ድል ሦስት ነጥብ ይሁን የሚለው ሐሳብ ከእንግሊዛዊው ጂሚ ሂል ስም ጋር የተያያዘ ነው። ሂል የፉልሃም ተጫዋች፣ የኮቨንትሪ አሰልጣኝ፣ በኋላም በቴሌቪዥን የኳስ ተንታኝ የነበረ ሰው ነው። እንግሊዝ ደንቡን በ1981 ጀመረችው። ዓለም ዋንጫ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰራበት በ1994 አሜሪካ ላይ ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ አቻን የሚያስመኝ ነገር መቀነስ።

ደንቡ ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ለማየት ፔሩጂያን ማየት ይበቃል። በ1978/79 ይህ የጣሊያን ክለብ 30 ጨዋታ አድርጎ አንዱንም አልተሸነፈም። ዋንጫውን ግን አልወሰደም! 41 ነጥብ ይዞ ሁለተኛ ወጣ። በ2 ነጥብ ደንብ 41 ሲቀነስ 30፣ 11 ድል። የቀረው 19 አቻ። ሻምፒዮኑ ሚላን ሦስት ጊዜ ተሸንፎም 17 ድልና 10 አቻ ስለነበረው 44 ነጥብ ሰበሰበ።

በሰንጠረዡ ላይ የነበረው ልዩነት 3 ነጥብ ብቻ ነው። በዛሬው ደንብ ቢቆጠርስ? ሚላን 61፣ ፔሩጂያ 52። ልዩነቱ 9 ይሆናል። ያው ጨዋታ፣ ያው ጎል፣ ያው ተጫዋች። የተቀየረው መስመሩ ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ናት።

ፍንጭ ሲያንስ

እስካሁን ቡድኖቹ ስላልተሸነፉ ቀሎልን ነበር። ሽንፈት ሲገባ የማይታወቁት ሦስት ይሆናሉ፤ ድል፣ አቻና ሽንፈት። ሁለት መስመር ደግሞ ለሦስት አይበቃም።

ማንችስተርን እንውሰድ፣ 2011/12ን። ሲቲም ዩናይትድም በ38 ጨዋታ 89 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ስንት ድል፣ ስንት አቻ፣ ስንት ሽንፈት እንደነበራቸው ማወቅ ይችላል? አይችልም። 26 ድል፣ 11 አቻ፣ 1 ሽንፈት 89 ነጥብ ይሰጣል። 27፣ 8፣ 3ም ይሰጣል። 28፣ 5፣ 5ም እንዲሁ። 29፣ 2፣ 7ም ይሰጣል። አራት መልስ አለ፣ አራቱም ትክክል ናቸው። በዚህ ጊዜ "እኔ አውቃለሁ" ብሎ የሚምል ሰው ሒሳብ ሳይሆን ግምት ነው የያዘው።

ሦስተኛ ፍንጭ ሲጨመር ግን ነገሩ ይጠራል። ፍንጩ ይሄ ነው፦ ሁለቱም ክለቦች አቻ የወጡትን ያህል ተሸንፈዋል። እንግዲህ ሽንፈት ከአቻ ጋር እኩል ከሆነ የመጀመሪያው መስመር ድ + 2አ = 38 ይሆናል። ሁለተኛው 3ድ + አ = 89 ነው። ከመጀመሪያው ድ = 38 ሲቀነስ 2አ ነው። ይህን ሁለተኛው ውስጥ ስናስገባው 114 ሲቀነስ 5አ = 89 ይመጣል። 5አ = 25። አ = 5፣ ሽንፈትም 5፣ ድል 28። አራቱ መልሶች አንድ ሆኑ።

ሁለቱም 28፣ 5፣ 5 ሆነው ከጨረሱ ታዲያ ዋንጫውን ምን ለየው? የጎል ክፍያ። ሲቲ 93 አግብቶ 29 ገባበት፤ 64 ትርፍ። ዩናይትድ 89 አግብቶ 33 ገባበት፤ 56 ትርፍ። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ግንቦት 13 ቀን 2012 በባከነ ሰዓት አጉዌሮ ኪውፒአር ላይ ያገባትን ጎል ነው። እሷ ባትገባ ሲቲ ሁለት ነጥብ ያጣ ነበር፣ እውነት ነው። የጎሉ ሒሳብ የተሰራው ግን ጥቅምት 23 ቀን 2011 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ነው። 6 ለ 1!

ያ ጨዋታ 1 ለ 0 አልቆ ቢሆንስ? ሲቲ ያው 3 ነጥቡን ይወስዳል። ያገባው ግን በ5 ይቀንሳል፣ 88። የገባበት በ1 ይቀንሳል፣ 28። ዩናይትድ ያገባው በ1 ይቀንሳል፣ 88። የገባበት በ5 ይቀንሳል፣ 28። ልብ በሉ፦ 89 ለ 89 ነጥብ፣ 88 ለ 88 ያገቡት፣ 28 ለ 28 የገባባቸው! በሁሉም መስመር እኩል። በወቅቱ በነበረው ደንብ ሻምፒዮኑን ለመለየት ሁለቱ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ማድረግ ይኖርባቸው ነበር። 6 ለ 1ን "ያው ሦስት ነጥብ ነው" ብሎ ያለፈ የዩናይትድ ደጋፊ ካለ መልሱ እነሆ።

አንፊልድ፣ ግንቦት 1989

የመጨረሻ ቀን ሒሳብ ሲነሳ ከአንፊልዱ የሚበልጥ የለም። የሂልስቦሮ አደጋ ካለፈ በኋላ ተላልፎ የነበረው ጨዋታ ዓርብ ግንቦት 26 ቀን 1989 ማታ ተደረገ። ሊቨርፑል 76 ነጥብና 39 ትርፍ ጎል ይዟል። አርሴናል 73 ነጥብና 35 ትርፍ ጎል። አርሴናል ቢያሸንፍ በነጥብ እኩል ይሆናሉ፣ ግን በስንት ጎል ልዩነት ማሸነፍ አለበት?

የመጀመሪያው ሐሳብ "ልዩነቱ 4 ጎል ስለሆነ በ4" የሚል ነው። ስህተት ነው። ሁለቱ የሚጫወቱት እርስ በርስ ስለሆነ አርሴናል ያገባት እያንዳንዷ ጎል የራሱን ከፍ፣ የሊቨርፑልን ዝቅ ታደርጋለች። የአርሴናል ትርፍ 35 ሲደመር ሀ ይሆናል፣ የሊቨርፑል 39 ሲቀነስ ሀ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 2ሀ = 4 ሲሆን ነው፣ ማለትም ሀ = 2። በሁለት ጎል ልዩነት ካሸነፈ ሁለቱም 37 ላይ ይገናኛሉ። ያኔ ብዙ ያገባው ያልፋል፣ አርሴናል ደግሞ በዚህ ይበልጥ ነበር።

አለን ስሚዝ አንዷን አገባ። ሰዓቱ አልቆ በባከነው ላይ ማይክል ቶማስ ሁለተኛዋን ጨመረ። 2 ለ 0። ሊጉ ሲያልቅ ሁለቱ ክለቦች ያገቡት ድምር 138፣ ልዩነቱ 8 ነበር። ድምርና ልዩነት ከተሰጠ መልሱ ቀላል ነው፤ 138 ሲደመር 8፣ 146፣ ግማሹ 73። አርሴናል 73፣ ሊቨርፑል 65።

ሊጉ በሙሉ በአንድ መስመር

ይህ ነገር ለአንድ ክለብ ብቻ ሳይሆን ለሊጉ በሙሉም ይሰራል። በፕሪሚየር ሊግ በዓመት 380 ጨዋታ አለ። ተሸናፊ ያለው ጨዋታ ለሰንጠረዡ 3 ነጥብ ያወጣል፣ አቻ ያለቀው ግን ለሁለቱ አንድ አንድ፣ በድምሩ 2 ብቻ። 380ውም ተሸናፊ ቢኖራቸው የ20ዎቹ ክለቦች ነጥብ 1,140 ይሆን ነበር። የ2003/04ን ሰንጠረዥ ከአርሴናል 90 እስከ ዎልቭስ 33 ድረስ የደመረ ሰው 1,032 ያገኛል። 108 ጎድሏል። እያንዳንዱ አቻ ጨዋታ አንድ ነጥብ ስለሚያጎድል በዚያ ዓመት 108 ጨዋታ አቻ፣ 272 ጨዋታ በአሸናፊ አልቋል። የነጥብ ዓምዱን ብቻ በማየት!

ካታንጋና ጥላ ፎቅ

ሰንጠረዡን ትተን ወደ ስታዲየም በር እንውረድ። ለምሳሌ ያህል ካታንጋ መግቢያው 10 ብር፣ ጥላ ፎቅ 50 ብር ነው እንበል። ለአንድ ጨዋታ 9,000 ሰው ገባ፣ 210,000 ብርም ተሰበሰበ ተብሎ ሪፖርት ቀረበ። ሁሉም ካታንጋ ቢገባ 90,000 ብር ነበር። ትርፉ 120,000 ነው። አንድ ሰው ከካታንጋ ወደ ጥላ ፎቅ ሲዛወር 40 ብር ይጨመራል። 120,000 ለ40፣ 3,000። ስለዚህ ጥላ ፎቅ 3,000፣ ካታንጋ 6,000 ሰው። የተቀደደው ትኬት ከዚህ ጋር መግጠም አለበት።

አሁን ሪፖርቱ 209,990 ብር ነው ቢባልስ? ትርፉ 119,990 ይሆናል። ለ40 ሲካፈል 2,999.75። ሰው በሩብ አይገባም! ስለዚህ ወይ የሰው ቆጠራው ወይ የብሩ ቆጠራ ተሳስቷል። ማን እንደተሳሳተ ሒሳቡ አይናገርም፣ አንድ ነገር እንዳልገጠመ ግን ያሳብቃል። ክለብ ከትኬት ገቢ ደሞዝ የሚከፍል ከሆነ ይቺ ቀላል ነገር አይደለችም።

የዋልያዎቹ 13 ነጥብ

ለኢትዮጵያ ተመልካች ከሁሉም የከበደው ሒሳብ የተሰራው በ2013 ነው። ዋልያዎቹ በሰውነት ቢሻው እየተመሩ ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ሲያጣሩ ሰኔ 16 ቀን 2013 አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፉ። በ5 ጨዋታ 13 ነጥብ። ለዚህ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ 4 ድል፣ 1 አቻ፣ ሽንፈት የለም። ባፋና ባፋና በ5 ጨዋታ 8 ነበራቸው። የቀራቸውን ቢያሸንፉ 11። 13 ከ11 ይበልጣል፣ ምድቡ አለቀ! ከተማው በጭፈራ ሞላ።

ግን አንድ ያልተቆጠረ ነገር ነበር። ከቦትስዋና ጋር በሜዳዋ 2 ለ 1 በተሸነፈችበት ጨዋታ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፏል። ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ፈረደላት። አንድ ድል ወደ ሽንፈት ሲቀየር 3 ነጥብ ይሄዳል፤ 3 ድል፣ 1 አቻ፣ 1 ሽንፈት፣ 10 ነጥብ። 13 የነበረው 10 ሲሆን ያለቀ የመሰለው ምድብ እንደገና ተከፈተ። የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ኢትዮጵያ አቻ ብትወጣ 11፣ ደቡብ አፍሪካ ብታሸንፍም 11። በጎል ክፍያ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ትሻል ነበር። ስለዚህ አቻ አያስተማምንም፣ ማሸነፍ ግድ ነው።

ዋልያዎቹ ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው በ13 ነጥብ ጨረሱ። ደቡብ አፍሪካም ቦትስዋናን 4 ለ 1 አሸንፋ 11 ሞላች። ልጆቹ በእግራቸው ያመጡትን ነጥብ በቆጠራ ስህተት አጥተው፣ እንደገና በእግራቸው አመጡት። ከዚያ ናይጄሪያ በደርሶ መልስ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 አስቀረቻቸው እንጂ፣ ያ ምድብ ሁለት ቢጫ ካርድ የመደመር ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስተምሮ አልፏል።

የውርርዱ ሒሳብ

የስፖርት ውርርድ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ይህ ሒሳብ ከክርክር አልፎ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ብዙ ወጣት "ዛሬ ገባኝ" እያለ ኩፖን ይቆርጣል። አንድ ምሳሌ እንይ። ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው ካሸነፈ 2፣ አቻ 3፣ እንግዳው ካሸነፈ 4 ኦድ ተሰጥቷል እንበል። አንድ ብልጥ ተወራራጅ "ሦስቱንም ብይዝስ? አንዱ መውጣቱ አይቀር!" ብሎ አሰበ። የትኛውም ቢወጣ 1,200 ብር እንዲደርሰው ይፈልጋል። ሦስት የማይታወቅ፣ ሦስት መስመር፦

2ሀ = 1,200፣ ስለዚህ ሀ = 600
3ለ = 1,200፣ ስለዚህ ለ = 400
4ሐ = 1,200፣ ስለዚህ ሐ = 300

ድምሩ 1,300 ብር ነው። 1,300 ከፍሎ 1,200 ይቀበላል። ጨዋታው እንዴትም ቢያልቅ፣ ማንም ቢያሸንፍ፣ ዳኛው ፔናልቲ ቢሰጥ ባይሰጥ 100 ብር ቀርቷል። ያቺ 100 ብር የአወራራጁ ድርሻ ናት፣ ኳሷ ሳትንከባለል ተቆርጣለች። ኦዱ 2፣ 4 እና 4 ቢሆን ኖሮ 600፣ 300 እና 300፣ በድምሩ ልክ 1,200 ይሆን ነበር። የአቻው ኦድ ከ4 ወደ 3 ዝቅ ሲል ማንም ልብ አይለውም።

እንዲህ ዓይነት አምስት ጨዋታ በአንድ ኩፖን ሲደረደር ደግሞ ቅነሳው አምስት ጊዜ ይባዛል። ከ100 ብር ላይ በአማካይ ተመልሶ የሚጠበቀው ወደ 67 ብር ይወርዳል። አንዳንዴ የሚበላ የለም ማለት አይደለም፣ አለ። ሁልጊዜ የሚበላው ግን ኦዱን የጻፈው ነው። ተወራራጁ ስለ ኳስ ያለው እውቀት አንሶ አይደለም፣ መስመሩ ከመነሻው በእሱ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ነው።

ለማሟሟቂያ

እንግዲህ መንገዱ ይኼው ነው። የማይታወቀውን ስም ስጠው። እያንዳንዱን ፍንጭ አንድ መስመር አድርገህ ጻፍ። መስመሮቹ ከማይታወቁት ካነሱ አትማል፣ ሌላ ፍንጭ ፈልግ። መልሱ ሲወጣ ደግሞ ወደ ጥያቄው መልሰህ ሞክረው፤ ሩብ ሰው ወይም 11 ድል ያለው የካፔሎ ሚላን ከመጣ መስመሩን እንደገና አንብበው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ጨዋታው እስኪጀምር ለሚጠብቁ አንድ ጥያቄ እነሆ። በ1888/89፣ በእንግሊዝ ሊግ የመጀመሪያ ዓመት፣ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ 22 ጨዋታ አድርጎ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። ነጥቡ 40 ነበር። ስንት ጊዜ አሸነፈ፣ ስንት ጊዜስ አቻ ወጣ? ጂሚ ሂል በዚያን ጊዜ ገና አልተወለደም፣ እሱን ያልረሳ አይሳሳትም።